በደሴ ብርድ ኤሊ ማሳደር

ወረቀቱን አስቀድሙ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘትን በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። የየብስ ኤሊዎች በሙሉ ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በገባችበት በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር) ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ ድንበር ለማሻገር ሌላ ፈቃድ አለው። እኔ የጠየቅሁበት ቢሮ ግን «ለኤሊ ደግሞ! ያዘው፣ በኋላ ታስመዘግባለህ» ብሎ ሸኘኝ። ዛሬም ያናድደኛል። ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይኖራችሁ እንስሳውን አትቀበሉ፤ ከሜዳ የተለቀመውንማ ጨርሶ።

ሳጥኑ አያስቸግርም፦ 120 በ60 ሳንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም፣ ከላይ ክዳን። የመስታወት ሳጥን ሙቀት አይዝም። ቀን ቀን ደጅ ፀሐይ ይሙቅ፤ የመስኮት መስታወት አጥንትና ቅርፊት የሚያጠነክረውን ዩቪቢ የተባለ የፀሐይ ጨረር አያሳልፍም። ምግቡ ሣርና ቅጠል ነው፤ እንጀራ አትስጡት።

ጣጣው ሌሊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርዷን የምታውቁት ነው። ኮምቦልቻ ቢሆን የልፋቱ ግማሽ ይቀር ነበር። ነጠብጣብ ቅርፊት ያለው የቆላ ኤሊ ብርዱን ተኝቶ የሚያሳልፍ ፍጡር አይደለም።

የእኔ ጥፋት የቴርሞስታቱ (ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ) ሴንሰር ቦታ ነበር። ክዳኑ ሥር፣ ማሞቂያው አጠገብ ሰቀልሁት። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እላይ 28 ዲግሪ ሲደርስ ማሞቂያው ይጠፋል፤ ኤሊው የተኛበት ወለል ግን 14 ላይ ነበር። የቴርሞስታቱን ቁጥር አምኜ ወለሉን ሳልለካ ቀናት አለፉ። መጀመሪያ ምግብ ተወ፣ ቀጥሎ አፍንጫው አረፋ አወጣ። ይህ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ኤሊ እንደኛ ስሎ አክታውን ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ «ይሻለዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የ2 ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ወለሉ ላይ አንድ ቴርሞሜትር ማስቀመጥ ብቻ። ለዚህ ራሴን ይቅር አላልሁም።

ሴንሰሩን ከማሞቂያው በራቀው ጥግ፣ በኤሊው ጀርባ ከፍታ ላይ እሰሩት። እኔ አሁን እዚያ ጥግ 18 ዲግሪ እንዲይዝ ሞልቼዋለሁ። ገመዱን ግድግዳው ላይ አጥብቁት፤ ኤሊው ጎትቶ ከሳጥኑ ካስወጣው ሴንሰሩ የክፍሉን ብርድ ይለካል፣ ማሞቂያውም ሳይጠፋ ያድራል። ብዙዎች አንድ ባለ 100 ዋት የሴራሚክ ማሞቂያ ይበቃል ይላሉ፤ እኔ ሁለት ባለ 60 ዋት ጎን ለጎን፣ ከቅርፊቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ እላለሁ። ከእንስሳው የጠበበ ሙቀት የጀርባውን መሐል እያቃጠለ እግሩን ብርድ ላይ ይተዋል። መያዣው የሸክላ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

መብራት ሲጠፋ ከሰል ያቀጣጠለ ማንደጃ ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም እናንተንም ኤሊውንም ይገድላል። በሱ ፈንታ ሙቅ ውኃ ተጠቀሙ፦ 10 ሊትር ውኃ ከ60 ወደ 25 ዲግሪ እስኪወርድ የሚሰጠው ሙቀት፣ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ በ4 ሰዓት ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ውኃውን በሁለት ጀሪካን ሙሉ፣ ክዳናቸውን አጥብቁ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ከኤሊው ግራና ቀኝ አቁሙ። ሳጥኑንም በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ግን ክፍት ተዉ።