ገና ሲላላ፣ ገና ሲጠብቅ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ የእናንተ ያልሆነ፣ ግን ነገ ከጎረቤት ቡና የምትጠጡ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። እኛ ወሎ ውስጥ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚባለው ለግቢው በሙሉ ነው።

ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ። መሽቷል። የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ነው። ማይኩን አጥፍቼ፣ እግሬን በጋቢ ጠቅልዬ ተቀምጫለሁ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ለዶሮው ሽንኩርት እያቁላላች ነው። ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለቆየ ሽታው ብቻ ሆድ ያባባል።

ዛሬ ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። ስለ «ገና»።

እስቲ ጻፉት። ሁለት ፊደል ነው። «ና»ን አጥብቃችሁ ካነበባችሁት በዓሉ ነው። አላልታችሁ ካነበባችሁት ደግሞ «እስካሁን አልሆነም» ማለት ነው። ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። የሚለያዩት አፍ ውስጥ ነው። እኔ የድምፅ ተዋናይ ነኝ፣ እንጀራዬን የምበላው ከዚህች ልዩነት ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። የሬዲዮ ድራማ ነው። እንግዳ በር ያንኳኳል፣ የቤቱ ሠራተኛ ትወጣለች፣ «ገና አልመጣም» ትላለች። አለቀ። ያቺን አንድ መስመር ሳምንት ሙሉ አጠናኋት። ቀኑ ሲደርስ ማይኩ ፊት ቆምኩና አጥብቄ አነበብኳት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ከተማው ሁሉ ስለ በዓል ነው የሚያወራው። ምላሴ ወደዚያው ሄደ። አዘጋጁ ከመስታወቱ ወዲያ ቀረጻውን አቆመና «ያልመጣው በዓሉ ነው ሰውየው?» አለኝ። ደገምኩት። በትክክል አነበብኩት፣ ግን ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስተኛ ጊዜም ተንቀጠቀጠ። መስመሯ ለሌላ ልጅ ተሰጠች።

ያን ቀን ከስቱዲዮ እስከ ቤት እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ማታ ግን ስክሪፕቱን አውጥቼ በእርሳስ «ጣ» ላይ ነጥብ አደረግሁ፣ «ና»ን ባዶ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቅ ፊደል ሁሉ ላይ ነጥብ ሳላደርግ ማይክ ፊት ቆሜ አላውቅም። ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ የሚጠብቁት ፊደሎች ላይ ነጥብ አኑረዋል። ያን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ ድምፅ ለጽሑፍ ምን እንደሚያደርግለት ያውቃል። እኔ ቅጂውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የት ጋ እንደሚተነፍስ ብቻ እየተከታተልኩ የሰማሁባቸው ሌሊቶች አሉ።

ሰው «ድምፅሽ ያምራል፣ ታድለሽ» ይለኛል። አመሰግናለሁ። ግን ሥራው ማማር አይደለም። «ልጁ ይመታል» የሚል መስመር ይመጣላችኋል። ሲላላ ልጁ ሌላውን ይመታል። ሲጠብቅ ልጁ ራሱ ዱላ ይበላል። አንዷን ፊደል ብትስቱ በዳዩ ተበዳይ ይሆናል። ጸሐፊው አጠገባችሁ የለም። ከፊትና ከኋላ ያለውን አንብባችሁ፣ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ገብቷችሁ ነው የምትወስኑት። ለዚህ ነው ስክሪፕት ሌሊት ላይ ተልኮልኝ «ጠዋት ቅጂልን» ስባል የምከፋው።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ብዙ ክርክር ነበር። የአገር ውስጥ ድራማና ፊልም ይጎዳል ብለው የተቃወሙ ባለሙያዎች ነበሩ። ስጋታቸው ይገባኝ ነበር፣ ዛሬም ይገባኛል። እንደኔ ላለ ሰው ግን ዳቢንግ የሚባል በር ተከፈተ። ሻንጣዬን ይዤ ሐረጎን ወርጄ፣ በኮምቦልቻ በኩል አድርጌ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ «ሥራ ስትይዢ ደውዪ» አለችኝ። በየሳምንቱ እደውላለሁ። «እንደት ሆነልሽ?» ትላለች። «ገና ነው እማዬ» እላለሁ። ላላ አድርጌ። ሁለት ዓመት እንዲህ አልን።

በነዚያ ሁለት ዓመታት ያልሠራሁት የለም። «እንደውልልሻለን» ያሉኝን ስቱዲዮዎች ስም አልጠራም፣ ቂምም የለኝም። አንዱ ጋ የሠራሁበት ብር ሦስት ወር ቆይቶ ግማሹ ነው የተከፈለኝ። ሲቸግረኝ ወደ ደሴ እመለስና አይሱዙ ላይ ተጭኜ በሞንታርቦ ማስታወቂያ እናገራለሁ። በሰኞ ገበያ፣ በፒያሳ፣ በሮቢት። እኩለ ቀን ላይ ድምፄ ይዘጋል። ግን ሞንታርቦ አንድ ነገር አስተማረኝ። ጩኸት ውስጥ የቃል መጨረሻ ቀድሞ ይጠፋል። መጨረሻውን ይዘህ ካልቆየህ ሰው «ይሸጣል» ይሁን «ይሸጥ ነበር» አይለይም። ዛሬ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥም ቃሉን ጫፉ ድረስ ይዤ የምሄደው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው።

ዳቢንግ እንዴት እንደሚሠራ ስለምትጠይቁኝ ትንሽ ላብራራ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ብቻህን ነህ። ጆሮህ ውስጥ የውጭዋ ተዋናይት በራሷ ቋንቋ ትናገራለች፣ ፊትህ ስክሪኑና ስክሪፕቱ አለ። አፏ ሲከፈት ትጀምራለህ፣ ሲዘጋ ትጨርሳለህ። ከንፈሯ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ም፣ ብ ወይም ፕ ያለው ቃል ብታገኝ ደስታህ ወሰን የለውም። የቱርክ ድራማ በአንድ በኩል ይቀላል። ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ «እወድሃለሁ» ስትል ፊቷ ላይ ያለው ስሜትና የኔ ቃል አብረው ይደርሳሉ። እንግሊዝኛ ሲሆን ግሡ ቀድሞ ይመጣል። እሷ ተናግራ ስታለቅስ እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ።

ከሁሉም የሚከብደኝ የነበረው ብቸኝነቱ ነው። ከሰው ጋር ትጣላለህ፣ ሰውየው ግን እዚያ የለም። የሱ ድምፅ የሚቀዳው ማክሰኞ ነው፣ ያንተ ሐሙስ። ለማን እንደምናገር ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ዓመት ለገና ላስታ ሄድኩ፣ ላሊበላ። በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል ቆሜ ሰማሁ። ካህናቱ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ ከዓለቱ አፋፍ ላይ፣ ግማሾቹ ታች ግቢው ውስጥ። ላይ ያሉት ያዜማሉ፣ ታች ያሉት ይቀበላሉ። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ።» የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። በነጭ ልብስ የተሞላው ሕዝብ መሐል ቆሜ የታዘብኩት ነገር፣ ከታች ያለው የላዩ ድምፅ እስኪደርስለት የሚጠብቅበትን ሁኔታ ነው። ዝም ብሎ አልነበረም የሚጠብቀው። እየሰማ፣ እየተወዛወዘ፣ ትንፋሹን እያዘጋጀ ነበር። አሁን ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ያንን አስባለሁ። ማክሰኞ የተቀዳው ሰው አፋፉ ላይ ነው፣ እኔ ታች ነኝ። እሱን ሳልሰማ አልመልስም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሸሸን። ያኔ ተመልሼ ደሴ ነበርኩ፣ ቤቴ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አሰናድቼ እሠራ ነበር። ማይኩን ይዤ ልወጣ አስቤ፣ በእጄ እናቴን መያዝ ነበረብኝና ተውኩት። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል። ማይክ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲውጥልኝ የሰቀልኳቸው ብርድ ልብሶች ሳይቀሩ የሉም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከኛ የባሰ የደረሰባቸው ብዙ ናቸው።

የዚያ ዓመት ገና ዋዜማ ጎረቤታችን ሐጂ በር አንኳኩ። ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ምንጣፍ አለ። ከሳሎናቸው ነው ያነሱት። «ለግድግዳሽ ነው። ባዶ ቤት ድምፅ ያስተጋባል ስትዪ ሰምቼ ነበር» አሉኝ። ምን እንደምል ጠፋኝ። «ሐጂ፣ ማይክ እኮ የለኝም» አልኳቸው። «አብሽሪ» አሉኝ፣ «እሱም ይመጣል። ግድግዳው ይቅደም።»

ምንጣፉን ሰቀልነው። እሱ ሥር ተቀምጬ በስልኬ የሁለት ደቂቃ የበዓል መልእክት ቀዳሁና በየቦታው ለተበተኑ ወዳጆቼ ላክሁ። በየዓመቱ የምትጠብቁት ይህ መልእክት የተጀመረው ያን ማታ ነው። አንዳንዶቻችሁ ያኔ የሰው ቤት ተጠግታችሁ ነበር የሰማችሁት። የመለሳችሁልኝን ድምፅ ሁሉ እስካሁን አላጠፋሁትም።

ምንጣፉ ዛሬም አለ። ማይክም ተገዛ፣ በሁለት ዓመት ቁጠባ። የምቀዳው እንደ ደሴ ሰዓት ነው። ከአዛን በኋላ፣ ከቅዳሴው ድምፅ ማጉያ በፊት፣ ባጃጆቹ ሳይበዙ። ሁለቱም ድምፆች ግድግዳዬን ያልፋሉ። አቁሜ እሰማና እቀጥላለሁ። በጾም ወቅት ደግሞ ባዶ ሆድ ይጮኻል፣ ማይኩ ያንንም አይምርም። ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ እቀዳለሁ። የግቢው ልጆች መስኮቴ ሲዘጋ ኳሳቸውን ይዘው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ዘንድሮ ሁለት ሥራ ቀርቶብኛል። «ማሽን ያነብልናል» ተባልኩ። ያመኛል፣ አልደብቅም። አንዱን ማስታወቂያ ሰማሁት። ንጹሕ ነው፣ ግን መላላት ያለበትን አጥብቆታል። ማሽኑ አንድ ቀን ይህንንም ይማር ይሆናል። እኔ ግን እስከዚያም ከዚያም በኋላ እርሳሴን አልጥልም።

«ጥሩ ድምፅ አለኝ፣ ልጀምር?» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ ልጆች፣ ጀምሩ። በየቀኑ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ያነበባችሁትን በስልክ ቅዱና መልሳችሁ ስሙት። ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቁ። ለኦዲሽን ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትክፈሉ። የሰፈራችሁን አነጋገር አትፈሩበት፣ ግን መቼ እንደምታወጡት እወቁ። እኔ ስክሪፕት ሳነብ «እንዴት» እላለሁ፣ ከእናቴ ጋር «እንደት» ነው። ሁለቱም የኔ ናቸው።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ባለፈው ክረምት አንድ የሬዲዮ ድራማ ላይ ልጇን የቀበረች ሴት ሆኜ ተጫወትኩ። ሲተላለፍ ለእናቴ አልነገርኳትም። ቡና እያፈላች ነበር። አቦሉን ቀድታ ስኒውን እንደያዘች ቆመች። ድራማው እስኪያልቅ አልተቀመጠችም። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ይቺ ምስኪን ሴት የማን ልጅ ትሆን?» አለችኝ። ያንቺ ነች ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሁለት በግ ይታረዳል። አንዱ የኛ፣ አንዱ ለሐጂና ለቤተሰባቸው በራሳቸው እጅ የሚባረክ። ሁላችሁም ብትኖሩ ደስ ባለኝ። ርቃችሁ ያላችሁ፣ ዘንድሮም አገራችሁ መግባት ያልቻላችሁ፣ ሥራ የምትጠብቁ፣ ድምፃችሁን ሰው አልሰማው ያላችሁ፣ በዚህ ሌሊት እያሰብኳችሁ ነው።

እናቴ ከጓዳ እየጠራችኝ ነው። ኮምፒውተሩን ዝጊው፣ ነይ እርጂኝ ትላለች። ትንሽ ቀረኝ አልኳት።

«ኧረ ተነሺ» አለችኝ፣ «ገና ነው እኮ!»

አጥብቃ ነው ያለችው። መልካም በዓል።