ካታራ ለማን ነበር የምትገባው?

ዛሬ አራት ኪሎ ከእህቴ ጋር ማኪያቶ ይዘን ስንከራከር አመሸን። ጉዳዩ «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ያለቀ ካርቱን፤ እኛ ግን ክርክሩን ገና አልጨረስነውም። እሷ ውሃ የምታዘው ካታራና ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት የእሳት አገር ልዑል ዙኮ ናቸው የሚዋደዱት ባይ ናት። እኔ ደግሞ ለካታራ የሚገባት ዋናው ጀግና አንግ ነው ባይ ነኝ!

«ዋሻው ውስጥ የዙኮን ጠባሳ በእጇ ስትነካው አላየህም እንዴ?» አለችኝ።

አይቻለሁ። ግን ወዲያው ከእህቱ ጋር ወግኖ ከዳት እኮ። እርግጥ በኋላ ክሷታል፤ የእናቷን ገዳይ ፍለጋ አብሯት ሄዷል። እዚህ ላይ አፌን አስያዘችኝ። ያም ሆኖ ያቺን ብልቃጥ ፈዋሽ ውሃ አትርሱ። ለዙኮ ጠባሳ ያሰበችውን ውሃ ነው አንግን ከሞት የመለሰችበት። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ማኪያቶዋን አማሰለች።

ታክሲ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን በመስኮቱ «ዙኮ!» ብላ ጮኸችብኝ።