«ወዳ» ወይስ «በፈቃዷ»? ፈረንሳይኛ በተረት፣ ስምንተኛ ሳምንት

ጨረስኩት! «ውቢቷና አውሬው»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፈረንሳይኛ አነበብኩት። ስምንት ሳምንት ፈጀብኝ። እንደኔ ቋንቋውን በንባብ ለምትማሩ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ያለፍኩበትን ላካፍላችሁ።

የያዝኩት አጭሩን ነው፤ ማዳም ለፕረንስ ደ ቦሞን በ1756 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን። ከሷ 16 ዓመት ቀደም ብላ ማዳም ደ ቪልነቭ ተረቱን በረጅሙ ጽፋው ነበር፤ እሱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያህላል። ቦሞን እንግሊዝ አገር የልጃገረዶች የቤት አስተማሪ ነበረች። አጻጻፏም ተማሪን አጠገቧ አስቀምጣ እንደምታስረዳ ሰው ነው። ለጀማሪ ይመቻል።

አሠራሬ ቀላል ነው። በቀን አንድ አንቀጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ የገባኝን በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። መዝገበ ቃላት የምከፍተው በመጨረሻ ነው።

መጀመሪያ ያቆመኝ ቃል «ቮሎንቴርማን» ነው። ነጋዴው አባት ለልጁ ለቤል ጽጌረዳ ሲቆርጥ አውሬው ይይዘዋል። እምርሃለሁ፣ ግን ከልጆችህ አንዷ በአንተ ፈንታ ልትሞት ትምጣ፣ ያውም ቮሎንቴርማን፣ ይለዋል። ሳልጠራጠር «ወዳ ትምጣ» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛችን እዚህ ላይ ይገርማል። አንድ ሰው ሳይገደድ ሲመጣ «ወዶ መጣ» እንላለን። ሲያፈቅርም «ወደደ» እንላለን። ፈቃድና ፍቅር አንድ ግስ ይጋራሉ። ፈረንሳይኛው ግን ሁለቱን በተለያየ ቃል ነው የሚጠራቸው። እኔን ለሳምንታት ያስጨነቀኝም ይኸው ነው፤ ቤል መቼ ነው ወዳ የመጣችው?

ቤተ መንግሥቱ ስትደርስ አውሬው ራሱ ይጠይቃታል፣ በፈቃድሽ ነው የመጣሽው? ብሎ። እየተንቀጠቀጠች «አዎ» ትላለች። የአባትሽ ነፍስ በእጄ ነው ከተባለ በኋላ የሚሰጥ «አዎ» ምን ያህል ፈቃድ ነው? እዚህ ገጽ ላይ ሦስት ቀን ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ተረቱ ሌላ መንገድ ይይዛል። የክፍሏ በር ላይ ስሟ ተጽፏል። ውስጡ መጻሕፍትና ክላቭሳን (ፒያኖ የሚመስል የሙዚቃ መሣሪያ) አሉ። አውሬው እራት ስትበላ ሊያያት ፈቃዷን ይጠይቃል፤ ካስቸገርኩሽ ሂድ በይኝ፣ ወዲያው እወጣለሁ ይላታል። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ይመጣል፣ ሚስቴ ትሆኛለሽ ወይ? ይላል። መልሷ ሦስት ቃል ነው። «ኖን፣ ላ ቤት።»

(በፊደላችን ሲጻፍ መኖሪያ ቤት ይመስላል። በፈረንሳይኛ ግን ቤት አውሬ ነው፤ ጅልም ማለት ነው። አስቀያሚ ከመሆኔም በላይ ልብ የለኝም፣ ቤት ብቻ ነኝ ሲላት፣ ጅል ሰው እንዲህ ብሎ አያውቅም ብላ ትመልስለታለች። ይህን ጨዋታ ያለ መዝገበ ቃላት ስይዘው ደስታዬ ልክ አልነበረውም።)

የመጀመሪያውን «ኖን» ስትል ፈርታለች። ያስቆጣው መስሏታል። እሱ ግን ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ ቤተ መንግሥቱን ሁሉ ያስተጋባል፣ ከዚያ እየዞረ እየዞረ እያያት ይወጣል። በቃ። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ ባል የሚመርጠው በአብዛኛው አባት ነበር። ልጅቷን ማታ ማታ ጠይቆ፣ እምቢታዋን ሰምቶ፣ ሳይነካት የሚሄድ ወንድ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው።

ቦሞንን የማልቀበልበት ቦታም አለ። ቤል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ቤት ትሠራለች፣ ታነባለች፣ እየፈተለች ትዘፍናለች። እህቶቿ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ይተኛሉ። ጥሩ ሴት ማለት ይህች ናት ተብሎ የቀረበልን ነው። ጽጌረዳውን እንኳ የጠየቀችው ለራሷ ፈልጋ አይደለም፤ ምንም አልፈልግም ብትል ልብስ ያዘዙት እህቶቿ እንዳያፍሩ ብላ ነው። ከዚያ በፊት ለጠየቋት ወንዶች ሁሉ እምቢ ያለችውም ለአባቷ ብላ ነው። ወደ ኋላ ተመልሼ ስቆጥር አንድ ነገር አየሁ። ለራሷ ብላ የተናገረችው የመጀመሪያው እምቢታ ለአውሬው የሰጠችው «ኖን» ነው። ሁሌ ለሰው የምትኖር ልጅ የራሷን ቃል ያገኘችው እዚያ ነው። ቦሞን ይህን አስባው ይሁን አይሁን፣ ጽፋዋለች።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ተሳሳትኩ፤ ስህተቴ ግን አስተማረኝ። ቤል አባቷን ልትጠይቅ ስምንት ቀን ተፈቅዶላት ሄዳለች። እህቶቿ እንድትቆይ ፀጉራቸውን እየነጩ ያዘኑ ይመስላሉ። አሥረኛው ሌሊት ላይ «ለኤል ፍቅር የለኝም» ትላለች። «ኤል» «እሷ» ነውና ስለ እህቷ የምታወራ መስሎኝ ተናደድኩ። ለካ ቤት የሚለው ቃል በሰዋስው አንስታይ ነው! «እሷ» የተባለው አውሬው ነው። ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ሳነበው ሌላ ሆነ። ፍቅር የለኝም፣ አክብሮት፣ ወዳጅነትና ምስጋና ግን አለኝ ነው የምትለው። አንዷ እህቷ መልከ መልካም ባል አግብታለች፤ ከራሱ በቀር የሚወደው የለም። የሌላዋ ባል ብልህ ነው፣ ብልሃቱ ግን ሰው ማናደጃ ነው። ቤል እነሱን አይታ ነው ይህን የምታስበው። ስሜቷን በስሙ ትጠራዋለች፣ አታጋንነውም። ይህ በጣም ማረከኝ።

ከዚያ ቀለበቷን ጠረጴዛ ላይ አኑራ ትተኛለች፤ መመለስ ስትፈልግ እንዲህ እንድታደርግ አውሬው ነግሯታል። ስትነቃ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ናት። ማንም አላስገደዳትም፣ የአባቷ ነፍስም አደጋ ላይ አይደለም። አውሬው በሰዓቱ ሲቀርባት ወደ አትክልቱ ቦታ ሮጣ ወድቆ ታገኘዋለች፣ ከቦዩ ውሃ ቀድታ ራሱ ላይ ታፈስበታለች። ወዳጅነት ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ሕመሜ ግን ያለ አንተ መኖር እንደማልችል አሳየኝ ትለዋለች። አውሬው ጠፍቶ ቆንጆ ልዑል ፊቷ ሲቆም የመጀመሪያ ጥያቄዋ አውሬው የት አለ? የሚል ነው።

ትናንት ማታ ደብተሬን ከፍቼ የመጀመሪያውን «ወዳ»ዬን ሰረዝኩ። «በፈቃዷ» ብዬ ተካሁት፤ እሱንም በእርሳስ። «ወዳ መጣች» የሚለውን ቀለበቱ ያለበት ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።