በምዕራፍ የሚሸነሸን የጅማ መሬት ሲገመገም

የመኖሪያ መንደር ሽንሸና በሁለትና ሦስት ምዕራፍ ተከፍሎ ለከተማው ሲቀርብ፣ ገምጋሚው ከቤቶቹ ቁጥር በፊት የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር የሚያሳየውን የኮንቱር ካርታ ይዘርጋ። ጅማ ዝናብ አታጣም፤ ውሃው ደግሞ ወደ አዌቱ ወንዝና ወደ ቦዬ ረግረግ መውረዱ አይቀርም። 1 ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ሣር ላይ ከፊሉ ይሰርጋል፤ ቆርቆሮና ኮብልስቶን ላይ ግን አብዛኛው ይፈሳል።

ጣጣው የሚጀምረው ከምዕራፍ 1 ወሰን ላይ ነው። የጎርፍ መውረጃ ቦዩ በወረቀት ወደ ምዕራፍ 2 ይቀጥላል፤ መሬት ላይ ግን ሜዳ መሃል ይቆማል። ቀጣዩ እስኪገነባ ጎርፉ አፈሩን እየበላ ከታች ያለውን ሰው አጥር ሥሩን ይገዘግዘዋል። ስለዚህ ምዕራፍ 2 ጨርሶ ባይሠራ እንኳ ውሃው መውጫ ይኑረው፤ የቱቦው ስፋትም ለሁሉም ምዕራፎች ድምር ይሰላ። በኋላ መንገድ ቆርጦ ቱቦ መቀየር ከባድ ነው።

ሽንሸናው ከመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም ከከተማው አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ ጋር መጣጣሙን ማየትማ የታወቀ ነው። የሚዘነጋው የመስክ ጉብኝቱ ነው፤ ለምዕራፍ 2 ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የመጀመሪያውን ቦይ በሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።