ከመንደራችን የወሩ ወሬ፦ የመቃብር ሳር፣ የሚሸጠው ፐብና ሌላ ሌላም

ሰሞኑን እኛ መንደር ትልቁ ወሬ ምን መሰላችሁ? የቤተክርስቲያኑን ግቢ ሳር ማነው የሚያጭደው የሚል ነው። አልቀለድኩም። ዳቦ ልገዛ ሱቅ ስገባ እሱ ነው፣ ውሻ ይዞ የወጣ ጎረቤት ሁለት ደቂቃ ካቆመኝ እሱ ነው፣ የመንደሩ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ደሞ "በታላቅ አክብሮት" ብለው እየጀመሩ የሚሸነቋቆጡት በሱ ነው። ነገርዬው እንዲህ ነው፣ ግቢው በመቃብር ስለሞላ አዲስ ቀብር አይቀበልም፣ እዚህ አገር ደሞ የቤተክርስቲያን መቃብር በህግ ከተዘጋ ጥገናው ከቤተክርስቲያኗ ወደ ፓሪሽ ካውንስሉ (የመንደሩ ምክር ቤት) ሊተላለፍ ይችላል። ካውንስሉ ይክፈል ሲባል ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ከነዋሪው ኪስ ነው፣ ነዋሪው ደሞ ግማሹ "ሳሩ ይደግ፣ ለንብ ጥሩ ነው" ይላል፣ ግማሹ "እናቴ የተቀበረችበት ቦታ ጫካ አይሆንም" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው እኮ፣ ችግሩ እሱ ነው።

ለአዲስ አንባቢዎች፣ የምኖረው እንግሊዝ ሰመርሴት ውስጥ ነው፣ ከሜንዲፕ ኮረብቶች ስር፣ ከዌልስ ከተማ ብዙም ሳይርቅ (አገሩ ዌልስ አይደለም፣ ትልቅ ካቴድራል ያላት ትንሽዬ ከተማ ናት)። የመንደሩን ስም አልጽፍም፣ ከጻፍኩ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። የምሰራው ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ነው፣ እዚህ የገባነውም ገጠር አምሮን ሳይሆን የተገኘው ቤት እዚህ ስለነበረ ነው። ሐበሻ ከተባለ እኛ ብቻ ነን። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ፎቶ ስልክላት የድንጋይ ቤቱን፣ ጽጌረዳውን፣ በጉን አይታ "ውይ ገነት!" ትላለች። ገነት ውስጥ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና እንደሚመጣ አታውቅም። አዎ፣ እዚህ ብዙው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለው፣ ሲሞላ ይመጠጣል። የጋዝ መስመርም የለም፣ ቤቱ የሚሞቀው ግቢ ውስጥ ታንከር ተቀምጦ በላምባ ነው፣ ቦቴ መጥቶ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ከ500 ሊትር በታች አያመጡም፣ ስለዚህ መንደርተኛው ብርዱ ሳይገባ ተሰብስቦ ባንድ ላይ ያዛል፣ ዋጋ እንዲቀንሱለት። ይህን የሚያስተባብረው ሰው ጡረታ የወጣ ኢንጂነር ነው፣ ኤክሴል ሺቱን ብታዩት ለኤርፖርት ግንባታ የተሰራ ነው የሚመስላችሁ።

ይሄን ሁሉ የማውቀው የመንደሩን ኒውስሌተር (የዜና ወረቀት) በየቤቱ የማድለው እኔ ስለሆንኩ ነው። እንዴት እንደተመለመልኩ ልንገራችሁ። ቪሌጅ ሆል (የመንደሩ አዳራሽ) ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የቡና ፕሮግራም አለ (ቡናው ቡና አይደለም፣ እሱን እንለፈው)፣ አንዲት አሮጊት አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉና "የእግር ጉዞ ትወጃለሽ?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ፣ ምን ልበል። በሚቀጥለው ወር ደጄ ላይ አንድ ካርቶን ወረቀት ተቀምጦ አገኘሁ፣ ለካ ያድሉ የነበሩት ሰውዬ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ነው። እዚህ አገር "ትወጃለሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

የደብዳቤ ማስገቢያ ነገር ደሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ በር ከታች ጫፉ ላይ ነው የተሰራለት፣ እስከ መሬት ጎንበስ ካላላችሁ አይገባም፣ አንዳንዱ ስፕሪንጉ ጠንካራ ስለሆነ ጣት ይነክሳል፣ አንዳንዱ ነፋስ እንዳያስገባ ብሩሽ አለው፣ ከዛ ደሞ ድምጹን ሳያሰማ ከበሩ ጀርባ ቆሞ የሚጠብቅ ውሻ አለ፣ ወረቀቱን ከእጃችሁ መንጭቆ ይወስዳል። የቤቱ ባለቤት የተቀደደውን እያነበበ ይኖራል መሰለኝ፣ አንድም ቀን ቅሬታ አልሰማሁም።

ውስጡ ምን አለ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የቄሷ ደብዳቤ (አዎ ሴት ናቸው) ይመጣል። አንድ ቄስ ለብዙ መንደር ስለሆነ ቅዳሴው በዙር ነው፣ ይሄ እሁድ እኛ ጋ፣ የሚቀጥለው ኮረብታው ማዶ። ከዛ የአበባ ሮታ፣ ማን በየትኛው ሳምንት ቤተክርስቲያኑን በአበባ ያስጌጣል። ከዛ የምሳ ክለብ፣ የደወል ልምምድ፣ የሴቶቹ ማህበር የደብልዩ አይ ስብሰባ። ደብልዩ አይ በ1897 ካናዳ ውስጥ ተጀምሮ በ1915 ነው ወደ ብሪታንያ የመጣው፣ እኔ ግን እስክጠይቅ ድረስ ከዚሁ መሬት የበቀለ ነበር የሚመስለኝ። ከዛ ማስታወቂያው፦ ጭስ ማውጫ ጠራጊ፣ አጥር ከርካሚ፣ የሽንት ቤት መጣጭ፣ የጠፋች ድመት። የሰው ስም የሚጠቀስበት ቦታ ሁሉ ላይ ደሞ ያው ስሞች ናቸው የሚደጋገሙት። የአበባው ሮታ ላይ ያለችው ሴትዮ የሆሉ ቁልፍ ያዥ ናት፣ የሆሉ ቁልፍ ያዥ የፓሪሽ ካውንስል አባል ናት፣ ባሏ ደወል ይደውላል።

ፓሪሽ ካውንስል ራሱ በ1894 በወጣ ህግ የተቋቋመ ነገር ነው፣ የመንግስት የመጨረሻው ታችኛው እርከን ማለት ነው። አባላቱ ደሞዝ የላቸውም፣ የሚከፈላት ጸሐፊዋ ብቻ ናት፣ እሷም ለተወሰነ ሰዓት። በጀታቸው ፕሪሴፕት ይባላል፣ ካውንስል ታክሳችን ላይ ተደምሮ ይመጣል። ስብሰባው ለህዝብ ክፍት ስለሆነ አንዴ ስራ ሳይኖረኝ ሄድኩ። የምር ደስ አለኝ። ቤት ለመስራት ያመለከተ ሰው ነበረ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለሱ ክርክር ተደረገ፣ መጨረሻ ላይ የገባኝ ግን ካውንስሉ አስተያየት ከመስጠት ውጪ የመፍቀድም የመከልከልም ስልጣን የለውም። የመንገዱ ጉድጓድም የነሱ አይደለም፣ የላይኛው የሰመርሴት ካውንስል ነው። ያኛው ደሞ ኤፕሪል 2023 ላይ አምስቱ አሮጌ ካውንስሎች ተጨፍልቀው አንድ ሆነው፣ ዓመት ሳይሞላ ኖቬምበር ላይ የፋይናንስ ድንገተኛ ሁኔታ አወጀ፣ ከዛ ወዲህ ሽንት ቤቱንም ሳሩንም እናንተ ብትይዙትስ እያለ ወደ ታች መግፋት ጀመረ። የታችኛው የት ይግፋ? ከሱ በታች እኮ ጡረተኛ ብቻ ነው ያለው።

ሃንድፎርዝ የሚባለውን የሌላ ቦታ ፓሪሽ ካውንስል የዙም ስብሰባ በ2021 ዩቲዩብ ላይ ያያችሁ፣ ጃኪ ዊቨር ሊቀመንበሩን ከስብሰባ ያስወጣችበትን፣ ሁሉም ቦታ እንደዛ የሚጯጯሁ እንዳይመስላችሁ። የኛዎቹ ሲናደዱ ድምጻቸው ይቀንሳል። አንድ ያስገረመኝ ነገር፣ ስብሰባው ሲከፈት መጀመሪያ የሚነበበው ማን ማን ይቅርታ ጠይቆ እንደቀረ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ይሰፍራል። የኛ እድር ቢሆን ቅጣት ነበር፣ እዚህ ግን ስምህ በይቅርታ ከተጻፈ በቃ ንጹህ ነህ።

የፍጥነት ጠባቂዎችም አሉን፣ ሶስት ሽማግሌዎች ቢጫ አንጸባራቂ ጃኬት ለብሰው ፍጥነት መለኪያ ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ፣ ታርጋ ይመዘግባሉ፣ ፖሊስ ለባለመኪናው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል። ቅጣት የለውም፣ ደብዳቤ ብቻ። ሰሞኑን የተያዘው የራሳቸው የአንደኛው ልጅ ነው አሉ። አሉ ነው እንግዲህ፣ ኒውስሌተሩ ላይ አልወጣም።

ቀዩ ስልክ ቤታችን አሁን ስልክ የለውም፣ ውስጡ የልብ ማስነሻ ማሽን ነው የተገጠመው፣ 999 ስትደውሉ ኮዱን ይነግሯችኋል። ይሄ በብዙ መንደር የተለመደ ነው። የስልክ ኩባንያው ቢቲ የማይጠቀምባቸውን ስልክ ቤቶች በ1 ፓውንድ ለመንደሮች ሲሸጥ፣ እዚሁ አካባቢያችን ያለችው ዌስትበሪ ሰብ ሜንዲፕ በ2009 የሷን መጽሐፍ ቤት አድርጋዋለች፣ አንድ ታመጣለህ አንድ ትወስዳለህ፣ ጠባቂ የለው ምን የለው። ያደረጉትም ተንቀሳቃሽ ላይብረሪው ስለቀረባቸው ነው። ቱሪስት ፎቶ ሲያነሳው ቆንጆ ነገር ነው፣ ከጀርባው ያለው ግን አንድ አገልግሎት መሰረዙ ነው። ባሱም እንደዛው። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ቲኬቱ ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ በ2025 ወደ 3 ፓውንድ ከፍ አለ፣ እሺ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ግን ማታ ከስራ ስወጣ ባስ የታለ? መኪና የሌለው ሰው እዚህ ማታ ታሞ መገኘት የለበትም።

አሁን ወደ ፐቡ፣ ማለትም ወደ መንደሩ መጠጥ ቤት። ባለቤቶቹ ደክሟቸዋል፣ ሊሸጡት ነው፣ ሁሉም የፈራው ወደ መኖሪያ ቤት እንዳይቀየር ነው። በ2011 የወጣ ሎካሊዝም አክት የሚባል ህግ አለ፣ መንደሩ አንድን ቦታ "ለማህበረሰቡ ዋጋ ያለው ንብረት" ብሎ ካስመዘገበ፣ ባለቤቱ ሊሸጥ ሲል ነዋሪው በጊዜ ፍላጎቱን ካሳወቀ ሽያጩ ለ6 ወር ይዘገያል፣ ገንዘብ ማሰባሰቢያ እንዲሆነው። ባለቤቱ ግን ለመንደሩ የመሸጥ ግዴታ የለበትም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም ነበር፣ ሲነገረው አዳራሹ ውስጥ ጸጥ አለ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በአክሲዮን ነው፣ ደስ የሚለው ነገር ብዙ ያዋጣም ትንሽ ያዋጣም ድምጹ አንድ አንድ ነው። ፕለንኬት የሚባል ድርጅት አለ ስለዚህ ነገር የሚያማክር፣ ብዙ መንደር በዚህ መንገድ ሱቁንም ፐቡንም አትርፏል። እኔ አልኮል አልጠጣም ግን ትንሽ ላዋጣ አስቤያለሁ፣ ምክንያቱም ፐቡ ከተዘጋ ማታ መብራት የሚበራበት ቤት ራሱ አይኖርም።

ከሁሉም የወደድኩት ጃንዋሪ 17 የሚያደርጉት የዋሴል በዓል ነው። ማታ አትክልት ቦታው ውስጥ ትልቁን የአፕል ዛፍ ከበው ይዘፍናሉ፣ ሳይደር (የአፕል መጠጥ) ውስጥ የተነከረ ዳቦ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቅላሉ፣ ስሩ ላይ ሳይደር ያፈሳሉ፣ ድስት ይቀጠቅጣሉ፣ ገበሬዎቹ ደሞ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፣ ክፉ መንፈስ ሸሽቶ ፍሬው እንዲበዛ። እኔ በውስጤ "እኛን ነው አጉል እምነት አለባችሁ የምትሉን?" ብዬ ሳቅሁ። ቀኑ ለምን 17 ሆነ ስል ግን መልሱ አስደነቀኝ። እንግሊዞች በ1752 ካላንደራቸውን ቀይረው 11 ቀን ሲዘሉ፣ የገጠሩ ሰው በአሮጌው አቆጣጠር የነበረውን የገና ማብቂያ ማታ አልለቅም ብሎ ነው። እኛ በራሳችን ቀን ገናና ጥምቀት ስናከብር "ለምን ዘገያችሁ" እያለ የሚጠይቀኝን የስራ ባልደረባዬን አሁን የምመልስለት አገኘሁ። ለነገሩ ጥምቀትም ከዛ ሁለት ቀን በኋላ ነው የሚውለው፣ ልጆቼ በአንድ ሳምንት ሁለት በዓል አገኙ።

ሽማግሌዎቹ ከየት ነሽ ሲሉኝና ስመልስላቸው፣ ወይ ስለ ረሃብ ያነሳሉ ወይ ስለ ጃንሆይ። ባዝ የምትባለው ከተማ ከኛ ሩቅ አይደለችም፣ ጃንሆይ ጣልያን አገራችንን ሲወር ተሰደው ከ1936 እስከ 1940 ፌርፊልድ ሃውስ የሚባለው ቤት ውስጥ ነው የኖሩት፣ በ1954ም ተመልሰው መጥተው ከተማው አክብሮ ተቀብሏቸዋል፣ ቤቱንም በኋላ ለአረጋውያን እንዲውል ሰጥተውታል። ኬር ሆም ውስጥ የምንከባከባቸው አንዲት እናት በልጅነታቸው "ካባ የለበሱ አጭር ሰውዬ" መንገድ ላይ አየሁ ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን በየጊዜው አስደግማቸዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ነገር አንድ ነው። ይሄ ሁሉ፣ ላምባውም ሱቁም ሮታውም ደወሉም፣ የቆመው ሰባ ዓመት ባለፋቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ወጣቱ ቤት መግዛት አይችልም፣ ይሄዳል፣ ቤቱን የሚገዛው ከለንደን ጡረታ ወጥቶ የሚመጣ ነው ወይ ለዊክኤንድ ብቻ የሚመጣ ነው። የዊክኤንዱ ሰው ማክሰኞ ማታ ስብሰባ ላይ አይገኝም። ባለፈው የሆሉ ገንዘብ ያዥ "ልለቅ ነው" ብላ ጻፈች፣ ተተኪ ስላልተገኘ እስካሁን አለች፣ እኔም አንድ ቀን ያቺ አሮጊት አጠገቤ ቁጭ ብለው "ሂሳብ ትወጃለሽ?" እንዳይሉኝ ቡናው ላይ ሩቅ ጠረጴዛ መርጬ ነው የምቀመጠው።

በመጨረሻ፣ ኦገስት ላይ የመንደሩ ሾው አለ፣ አትክልትና ዳቦ ጋገራ ውድድር። ደንቡ በጣም ጥብቅ ነው፦ ካሮት ሶስት፣ ቁመቱ እኩል የሆነ፣ ቪክቶሪያ ስፖንጅ ኬክ መሃሉ የራስበሪ ጃም ብቻ፣ ክሬም የሚባል ነገር የለም። አንዷ ካሮት ብትበልጥ ዳኛው "እንደ ደንቡ አይደለም" የሚል ወረቀት ያስቀምጥባችኋል፣ ከውድድር ውጪ። እኔ "ማንኛውም ዳቦ" በሚለው ምድብ ድፎ ዳቦ ላስገባ ነው። ቆባ እዚህ የለም፣ የሙዝ ቅጠል ከብሪስቶል አመጣለሁ። ለሾው ጸሐፊዋ ኢሜይል ጽፌ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ስጠይቅ በዚያው ማታ መለሰችልኝ፣ መጠኑ ችግር የለውም፣ ግን በዳቦ ምድብ ማስጌጫ ክልክል ነው፣ ቅጠሉ ማስጌጫ ነው ወይስ የአጋገሩ አካል? የአጋገሩ አካል ነው ብዬ አንድ ገጽ ማብራሪያ ላክሁ። ጉዳዩ ለኮሚቴው ቀርቧል፣ ስብሰባው ማክሰኞ ነው።