ካላነበቡት አይታይም ያለው ማነው?

ፊደል የቆጠረ ሰው በግዕዝ ፊደል የሚሥለውን የሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍን ሥዕል ማየት ይከብደዋል። ዓይኑ ሥዕሉን ትቶ ንባብ ይጀምራላ! ዋሽንግተን ዲሲ አንድ ወዳጄ ሳሎን ውስጥ የአንዱ ሥራው ቅጂ ተሰቅሏል። ቡና በተፈላ ቁጥር ክርክር ነው። አንዱ «ይቺ ሀ ናት» ይላል። ሌላው «ኧረ የተገለበጠች ለ ናት» ይላል። ቡናው በረካ ይደርሳል፣ ቃሉ ግን አይገኝም።

ወሰኔ ፊደሉን ይለጥጠዋል፣ ይቆራርጠዋል፣ ያስጨፍረዋል። አንብቡልኝ አላለም። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ 1972 ተመርቆ፣ ማስተርሱን እዚያው እኛ ሰፈር ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1980 የሠራ ሰው ነው። ሃዋርድ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም ከድሮው የብራና ክታብ ብዙ ቀድቷል።

ክታቡን ራሱን በቅርብ ያየሁት ዘንድሮ ክረምት ለእረፍት ስንመጣ ነው፤ ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው ሙዚየም። ልጄም እህቴም አብረውኝ ነበሩ። ልጄ ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ የፊደል ዘር ግን አታውቅም። ይህ ነገር እህቴን ያንገበግባታል። «አንተ፣ ምን ስትሠራ ከረምክ?» ትለኛለች።

ክታቡ ጠባብ ብራና ነው፤ ቁርጥራጩ ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ ይረዝማል። ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር የሚሠራው፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ጸሎቱ በግዕዝ፣ በጥቁር ቀለም፤ የከበረው ስም በቀይ። በጽሑፉ መሐል ሰይፍ የመዘዘ መልአክ አለ። ከሥሩ ደግሞ ኮከብ የመሰለ ቅርፅ፣ መሐሉ ላይ ፊት፣ ዙሪያውን ዓይን ብቻ። ልጄ እሱ ጋ ተተክላ ቀረች።

«አባዬ፣ እያዩኝ እኮ ነው!»

ዓይኖቹማ ለዚሁ ነው የተሣሉት። ክታቡ በሽተኛው ፊት ይዘረጋል፤ ያደረበት መንፈስ እንዲያይና እንዲደነግጥ። ደብተራው ይጽፋል፣ ይሥላል። ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግዕዝ ማንበብ አይችልም ነበር። ያያል እንጂ አያነብም። አንዳንዱ ክታብ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት የክርስትና ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ገብቶበታል። አዲሱ ባለቤት ያንን ስሙን እንኳ ለይቶ ያነበው እንደሆነ እንጃ። ልጄ ታዲያ ብቻዋን አይደለችም፤ ብዙ ሰው ክታቡን ያየው እንደሷ ነው። ይህን ለእህቴ ብነግራት «ማመካኛ አታጣም» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ፒያሳ ወረድን። ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው ፈርሶ ሌላ ከተማ መስሏል፤ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። እኔን የከነከነኝ ታፔላው ነው። ልጅ ሆነን ታፔላ በእጅ ይጻፍ ነበር። ሥጋ ቤቱ በሬ ይሣልለታል፣ ፀጉር ቤቱ የተበጠረ ጎረምሳ። ፊደሉም ጥላ ይበጅለት ነበር፣ ከግድግዳው ዘሎ የሚወጣ እስኪመስል። የ«ቤ» ቅጥያዋ እንደ ሐረግ ስትጠመዘዝ አስታውሳለሁ። ያ ጸሐፊ ሠዓሊም ነበር። አሁን ሁሉም ባነር ነው፤ ኮምፒውተሩ ያለውን ፊደል ደርድሮ ያትማል። ይነበባል፣ ምንም አይልም። እርግጥ ርካሽ ነው፣ ባለሱቁንም አልፈርድበትም።

ልጄ ፊደል መቁጠሯ አይቀርም፣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ከመቁጠሯ በፊት ያንን የወዳጄን ሳሎን ሥዕል ቁጭ ብላ ታይልኝ ነበር። «ሀ» አንዴ «ሀ» ከሆነች በኋላ መልሶ ቅርፅ ብቻ ማድረግ አይቻልም፤ እኛ ስንት ስኒ ቡና ጠጥተን አቅቶናል። ለእህቴ ዲሲ እስክንመለስ ታገሺ ብያት ነበር። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ልጄን አስቀምጣ «መ» ላይ ደርሰዋል።