የስፔን ዜግነት፦ አስር አመቱን ከየት ነው የምትቆጥሩት?

ስፔን ያለ ሐበሻ ባገኘሁ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ያርፋል፣ "አስር አመት ሞላኝ፣ ዜግነት ላስገባ?" እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው የቱ አስር አመት የሚለውን ነው። እናንተ የምትቆጥሩት ኤርፖርት ከወረዳችሁበት ቀን ነው፣ የስፔን መንግስት የሚቆጥረው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ከተሰጣችሁበት ቀን ነው፣ በመሀል ያለውን ጊዜ ማንም አይቆጥርላችሁም።

ሕጉ ለዜግነት የሚጠይቀው አስር አመት መኖሪያ ነው፣ መኖሪያው ደግሞ ሕጋዊ፣ ያልተቋረጠና ማመልከቻው እስከሚገባበት ቀን ድረስ የቀጠለ መሆን አለበት። በወረቀት እጦት የኖራችሁበት ጊዜ በአራይጎ (ያለ ወረቀት ለቆየ ሰው በሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ) ወረቀት ብታገኙም ወደኋላ ተመልሶ አይታሰብም። ብዙ ሰው የሚገርመው የተማሪ ነገር ነው፣ በተማሪ ካርድ አራት አምስት አመት ተምራችሁ ወደ ስራ ፈቃድ ብትቀይሩ የተማሪነቱ ጊዜ ለዜግነት አይገባም፣ ምክንያቱም እሱ በነሱ አነጋገር "ኤስታንሲያ" (ቆይታ) ነው እንጂ "ሬሲደንሲያ" (መኖሪያ) አይደለም። ጥገኝነት ለጠየቀ ሰው ደግሞ በስደተኝነት እውቅና ካገኘ አስሩ ወደ 5 አመት ይወርድለታል፣ ግን "ፕሮቴክሲዮን ሱብሲዲያሪያ" የሚባለው፣ ስደተኛ የሚል እውቅና ሳይኖር የሚሰጠው ጥበቃ ተሰጥቷችሁ ከሆነ ያው 10 ነው፣ ሁለቱን ካርድ አንድ የሚያደርግ ሰው በጣም ብዙ ስለሆነ ውሳኔው ላይ ምን እንደተፃፈ አንብቡ። ስፔናዊ ወይ ስፔናዊት ያገባ በ1 አመት ያስገባል፣ ጋብቻው አንድ አመት የሞላውና ያልተለያዩ ከሆነ። እዚሁ ስፔን የተወለደ ልጅም 1 አመት ሕጋዊ መኖሪያ ይበቃዋል። አብራችሁ የምትሰራው ኮሎምቢያዊት ወይ ፊሊፒናዊት በ2 አመት ስታስገባ ስታዩ ደግሞ አትናደዱ፣ የድሮ ቅኝ ግዛት ጉዳይ ነው፣ ኢኳቶሪያል ጊኒም እዛ ውስጥ አለች፣ እኛ ግን የለንም።

ፈተናው ሰው እንደሚያስፈራራው አይደለም። ለዜግነት ሁለት ፈተና አለ፣ ሁለቱም የኢንስቲቱቶ ሰርቫንቴስ (የስፔን ቋንቋና ባህል ተቋም) ናቸው። "ሴ ሴ ኤሴ ኤ" (CCSE) የሚሉት ስለ ሕገ መንግስቱና ስለ ባህሉ 25 ጥያቄ ነው፣ 15 ካገኛችሁ አለፋችሁ፣ ጥያቄዎቹም በነፃ ከሚገኘው የ300 ጥያቄ ማንዋል ነው የሚወጡት፣ ስለዚህ በሜትሮ እየሄዳችሁ በስልክ መሸምደድ ይቻላል (ሕገ መንግስቱ የ1978፣ የፓርላማው ታችኛው ምክር ቤት 350 ወንበር፣ ክልሎቹ 17 ምናምን)። ክፍያው 85 ዩሮ ነው፣ ብትወድቁ በዛው ክፍያ አንዴ ደግማችሁ ትፈተናላችሁ። የቋንቋው "ዴሌ አ ዶስ" (DELE A2) ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በሁለት ቡድን ተከፍሎ በያንዳንዱ ከ50 ቢያንስ 30 ማምጣት አለባችሁ፣ አንዱ ማንበብና መፃፍ፣ አንዱ ማዳመጥና መናገር። የኛ ሰው ንግግሩን ስራ ቦታ ስለለመደው ይወጣዋል፣ የሚይዘው መፃፉ ነው። እዚሁ ሀይስኩል ተምሮ የጨረሰ ሰው ከሁለቱም ነፃ ነው፣ ማንበብና መፃፍ የማይችል ሰውም ከፍትህ ሚኒስቴሩ "ዲስፔንሳ" (ከፈተናው ነፃ መሆን) መጠየቅ ይችላል፣ ወላጆቻችሁን አምጥታችሁ ከሆነ ይቺን ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት፣ የሀገር ቤት ወረቀት። የልደት ሰርተፍኬትና ከወንጀል ነፃ የሚለው ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ውክልና ልካችሁ ቤተሰብ ያወጣላችኋል፣ ከዛ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዛ አዲስ አበባ ያለው የስፔን ኤምባሲ ማህተም ይመታበታል፣ ከዛ እዚህ መጥቶ "ትራዱክቶር ሁራዶ" በሚባለው ቃለ መሃላ በፈፀመ አስተርጓሚ ወደ ስፓኒሽ ይቀየራል። ሰርተፍኬቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚወጣ ከእንግሊዝኛው የሚተረጉም ማግኘት ይቀላል። የፖሊሱ ወረቀት ቶሎ የሚያረጅ ስለሆነ መጨረሻ ላይ አውጡት፣ የልደቱን ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ዘጠነኛው አመት ላይ ጀምሩት።

እና እባካችሁ ወረቀቱ ሲመጣ ፊደል በፊደል እዩት። መስከረም 20 ቀን 1983 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1990 ነው፣ ግን ሀገር ቤት ስንቱ ፀሐፊ ነው ዝም ብሎ 8 ደምሮ 1991 የሚያደርገው። ፓስፖርታችሁ 1990 ካለ፣ ሰርተፍኬቱ 1991 ካለ፣ ለስፔን መንግስት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ ማለት ነው። ስምም እንደዛው፣ አንዱ ላይ ታደሰ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ። "ሬኬሪሚየንቶ" የሚባል ደብዳቤ ይመጣባችሁና አስተካክላችሁ ላኩ ይላችኋል፣ ያ ማለት ውክልናው፣ ውጭ ጉዳዩ፣ ኤምባሲው እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

የናታችሁ ስምም ሙሉ ሆኖ መፃፍ አለበት። ስፔናዊ ሰው ሁለት አፔዪዶ (የቤተሰብ ስም) አለው፣ አንድ ከአባት አንድ ከእናት፣ የኛን አባት አያት አሰራር አያውቁትም። ስፔናዊ ሆናችሁ ስትመዘገቡ የእናት ወገን አፔዪዶ ይጠየቃል፣ ሰርተፍኬቱ ላይ "አልማዝ" ብቻ ተብሎ ካለ ምን እንደሚፅፉላችሁ እግዜር ነው የሚያውቀው። እስከዛሬ የያዛችሁትን አፃፃፍ እንዳለ ማቆየት የምትፈልጉ ከሆነ ዜግነቱ ሲፈቀድ በምትፈፅሙት ቃለ መሃላ ላይ ወይ ከዛ በኋላ በ2 ወር ውስጥ ማሳወቅ ትችላላችሁ፣ ዝም ካላችሁ እነሱ በራሳቸው ደንብ ይሄዱበታል።

ማመልከቻው ኦንላይን ነው፣ ዲጂታል ሰርተፍኬት (ኦንላይን ማንነታችሁን የሚያረጋግጥ) ካላችሁ ራሳችሁ ታስገቡታላችሁ፣ የመንግስት ክፍያው ከ100 ዩሮ ብዙም አይርቅም። ጠበቃ አያስፈልግም ብዬ አልከራከርም፣ ግን ፒዲኤፍ ለመጫን ብቻ ብዙ መቶ ዩሮ መክፈል ለኔ አይዋጥልኝም፣ የሚያስፈልገው ነገር ሲበላሽ ነው። መንግስት ለመመለስ 1 አመት አለው፣ አመቱ ካለፈና ዝም ካለ በሕግ እንደተከለከላችሁ ይቆጠራል፣ በተግባር ግን ፋይሉ አይዘጋም፣ ትጠብቃላችሁ ወይ አውዲየንሲያ ናሲዮናል ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ።

ተፈቀደ እንበል። ከዛ በ180 ቀን ውስጥ "ሁራ" የሚባለው ቃለ መሃላ አለ፣ ለንጉሱ ታማኝ ልሆን፣ ሕገ መንግስቱንና ሕጉን ላከብር ብላችሁ ትምላላችሁ። ትልልቅ ከተሞች ላይ የሬሂስትሮ ሲቪል (የሲቪል መዝገብ ቤት) ቀጠሮ ስለሚዘገይ ብዙ ሰው ኖታሪዮ (ውል አዋዋይ) ጋር ከፍሎ ይጨርሳል። እዛው ላይ የድሮ ዜግነቴን ትቻለሁ ብላችሁ ትፈርማላችሁ። "እሱ እኮ ለፎርማሊቲ ነው፣ ስፔን ሀገር ቤት ደውላ አታረጋግጥም" የሚል ወሬ አለ፣ አታረጋግጥም እሺ፣ ግን የኛው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ራሱ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይላል። በዛ ላይ ትቼዋለሁ ያላችሁትን ዜግነት ብቻ 3 አመት ሙሉ ስትጠቀሙ ከተገኛችሁ የስፔኑንም ልታጡ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሁለት ፓስፖርት ኪሴ ውስጥ ይኖራል የሚለውን ሂሳብ ከአሁኑ ሰርዙት። የቀረው ቢጫ ካርዱ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ነው፣ ኢትዮጵያ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ትሰራላችሁ፣ ንብረት ይኖራችኋል፣ መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ለኔ ይሄ ከፈተናውም ከወረቀቱም በላይ ከባዱ ቦታ ነው፣ እና ውሳኔው ሁራው ቀን ላይ ሳይሆን ማመልከቻው ሳይገባ ነው መወሰን ያለበት፣ ካልፈለጋችሁት የረጅም ጊዜ መኖሪያው ካርድ እኮ አለ፣ ነውር አይደለም።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ አንዳችሁ ስፔናዊ ከሆናችሁ ከ18 አመት በታች ያለው ልጃችሁ በ"ኦፕሲዮን" (በምርጫ) መንገድ ዜግነት መጠየቅ ይችላል፣ ያንን አስር አመት እሱ አይቆጥርም። 18 ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ካለ ግን የሁራ ቀጠሯችሁን እሱ እያሰባችሁ ያዙ፣ ወላጁ ስፔናዊ ሲሆን ልጁ 18 አልፎት ከተገኘ በዚህ በር መግባት አይችልም።